«ኢትዮፒክስ» ቁጥር 4 በጅማ ቤት፦ አዋቂም ልጅም አብሮ የሚያደምጠው አልበም

ወላጆች ልጆች ባሉበት ቤት ሙዚቃ ሲከፍቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይመርጣሉ። ወይ ለሕፃናት ተብሎ የተዘጋጀውን፣ አዋቂው ግን ደግሞ ሊሰማው የማይፈቅደውን ይከፍታሉ፤ ወይ ደግሞ የሚወዱትን የፍቅር ዘፈን ከፍተው ግጥሙ ለልጅ ጆሮ ወደማይሆንበት ቦታ ሲደርስ ተሯሩጠው ያሳልፉታል። ሦስተኛ መንገድ መኖሩን በተግባር ካሳዩኝ ሥራዎች አንደኛው የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች የተሰበሰቡበት «ኢትዮፒክስ» ቁጥር 4 ነው። ቤተሰብ አብሮ የሚሰማው የአዋቂ ሙዚቃ ለሚፈልግ ሰው፣ ከማውቃቸው አልበሞች ሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው ይህንን ነው።

«ኢትዮፒክስ» በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት፣ ቡዳ ሙዚክ በተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ የሚወጣ ተከታታይ ስብስብ ነው። ቁጥር 4 ለአድማጭ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ድረስ የተቀረጹ 14 ሥራዎችን ይዟል። ሁሉም በመሣሪያ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ብዙዎቹ አስቀድመው የወጡት አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ አማካይነት በሸክላ ነው። አቀናባሪው ሙላቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው። ለከተማችን ልጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በወጣትነቱ ለትምህርት ወደ ዌልስ ተልኮ፣ ከዚያ በለንደን ሙዚቃ አጥንቶ፣ በቦስተን የበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ስለሆነ ሰው፣ «የተወለደው እኛ ከተማ ነው» ብሎ ለልጅ መንገር ልጁ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ እንዲሰማ ያደርጋል። ሙዚቃው ከመከፈቱ በፊት ይህን ታሪክ በአጭሩ መንገር ጥሩ ነው እላለሁ።

ቃል የሌለው መሆኑ የአልበሙ ትልቁ ጥቅም ነው፤ ምክንያቱ ግን ከግጥሙ የሚያሳፍር ነገር አለመኖሩ ብቻ አይደለም። በጅማ ብዙ ቤቶች አማርኛና አፋን ኦሮሞ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ይነገራሉ። አያት በአንዱ ይጠይቃሉ፣ የልጅ ልጅ በሌላው ይመልሳል። ግጥም ያለው ዘፈን ሲከፈት ከተቀመጡት አንዱ ሁልጊዜ «ምን አለ?» ባይ ይሆናል። እዚህ ግን ሳክስፎኑ ለሁሉም እኩል ይናገራል፤ የስድስት ዓመት ልጅና የሰባ ዓመት እናት አንዱን ዜማ በአንድ ጊዜ ይዘው ሊያንጎራጉሩት ይችላሉ። ከዚህም በላይ ቃል የሌለው ሙዚቃ የልጆችን ጨዋታ አያቋርጥም። ልጅ እያወራ ይሰማል፣ እየሰማ ይጠይቃል፣ ጥያቄውም የሚያሸማቅቅ ሳይሆን «ይሄ የሚጮኸው ምንድን ነው?» የሚል ይሆናል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያደምጥ ቤተሰብ «የከርሞ ሰው» በሚለው እንዲጀምር እመክራለሁ። ቤዙ (ወፍራሙን የታች ድምፅ የሚያወጣው ጊታር) አጭር ሐረግ ይዞ ሳይሰለች ይመላለሳል፤ ዜማው ከላይ ሲገባ ልጆች ታችኛውን ሐረግ አስቀድመው ስለያዙት እንግድነት አይሰማቸውም። አንዱ ልጅ የቤዙን ሐረግ በጉልበቱ ላይ እንዲመታ፣ ሌላው ዜማውን በአፉ እንዲከተል ቢደረግ፣ የሙዚቃ ቅንብር ምን ማለት እንደሆነ ያለ ምንም ማብራሪያ ይገባቸዋል። «የግሌ ትዝታ» ደግሞ ለትንንሾቹ የበለጠ ይስማማል፤ በዋዋ ፔዳል (በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ በሚለዋውጥ መሣሪያ) የሚጫወተው ጊታር አፍ ያወጣ ስለሚመስል በአፋቸው ሊያስመስሉት ይሞክራሉ። አዋቂው በበኩሉ ከዚያው ሙዚቃ ውስጥ የአዲስ አበባን የያኔ የምሽት ሕይወት ይሰማል። አንዱ ሥራ ለሁለቱም የየራሳቸውን የሚሰጠው እንዲህ ነው፤ ጥሩ የቤተሰብ ሙዚቃ የምለውም ይህንን ነው።

«ትዝታ» ረጋ ያለ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ይሁን እንጂ ከሁሉም የሚበልጠው እርሱ ይመስለኛል። ልጆች ዝግ ያለ ሙዚቃ አይወዱም የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም። የማይወዱት አዋቂው ራሱ ትቶ የሚሄደውን ነው። አባት ወይም እናት ቁጭ ብለው ከሰሙ፣ ልጁም ይቀመጣል። እዚህ ላይ ለልጆች እጅግ የሚያስደስት አንድ ነገር አለ። በስልክ ላይ ከሚጫኑት የፒያኖ መተግበሪያዎች አንዱን ከፍታችሁ፣ ሦስቱ ጥቁር ቁልፎች ጎን ለጎን ከተደረደሩበት፣ ከግራ ከመጀመሪያው ተነሥታችሁ ወደ ቀኝ ጥቁር ጥቁሩን ብቻ አምስት ድምፅ አስነኩት። ያ ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ነው። ልጁ በጥቁሮቹ ላይ እንዳሻው ጣቱን ቢያንሸራሽር፣ የሚወጣው ነገር አገርኛ ቃና አለው፤ የተሳሳተ ቁልፍ የለም። ሌሎቹን ቅኝቶች፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ በኋላ ላይ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሊማር ይችላል፤ በዚህ ግን ሙላቱ የአገራችንን አምስት ድምፅ ቅኝት ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር አዋህዶ የሠራውን ነገር በጣቱ ይነካዋል።

አልበሙን ለማድመጥ ከቡና ሥነ ሥርዓት የተሻለ ሰዓት አላገኘሁም። በጅማ ቡና እየተቆላ፣ ፈንዲሻው እየፈነዳ ቤተሰብ ያለ ጥሪ ይሰበሰባል፤ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ይህን መክፈት ብቻ ነው። ቡናው ሲቆላና ሲወቀጥ ሞቅ ያሉትን፣ አቦል ሲቀዳ «ሙናዬ»ን፣ በረካው ላይ ደግሞ «ትዝታ»ን ማስከተል ከጨዋታው ጋር ይሄዳል። 14ቱን በአንድ ጊዜ ማስደመጥ ግን ተገቢ አይደለም። ለአዋቂ ቢሆን እንኳ ይበዛል፤ ለልጅ ሦስት ወይም አራት ይበቃዋል።

ጉድለቶችም አሉ። ከሲዲው ጋር ያለው ማብራሪያ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ እንጂ በአማርኛ አይደለም። የራሳችን ሙዚቃ ታሪክ በራሳችን ቋንቋ ከእጃችን አለመግባቱ ያሳዝነኛል፤ አንባቢ ልጅ ያለው ወላጅ አስቀድሞ አንብቦ በቃል መተረክ ይኖርበታል። ሁለተኛው ጉዳይ የድምፁ ነው። ቅጂዎቹ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው፤ በስልክ ስፒከር ሲከፈቱ ደግሞ ቤዙ ይጠፋና ሹል ሹሉ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ልጆች የሚይዙት ደግሞ ቤዙን ነው። ስለዚህ መጠነኛ የብሉቱዝ ስፒከር ቢሆንም ይገኝ፤ ከተገኘም ወደ ግድግዳ ጥግ ይቀመጥ፤ ቤዙ ጎላ ይላል። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ግን ረጋ ያሉትን ሥራዎች ከነጭራሹ መተው ይሻላል፤ ድምፅ መጨመር ሙዚቃውንም ጆሮንም ይጎዳል። ሦስተኛ፣ የመጨረሻው ሥራ «ደወል» ከበድ ያለና ጥላ ያጠላበት ነው። አዋቂ እንደሚወደው አልጠራጠርም፤ ትንንሽ ልጆች ሊተኙ ሲሉ ግን አልከፍተውም። ዐሥር ዓመት ያለፋቸው ሊሰሙት ይችላሉ፤ «የካቲት» ከተባለው የአልበሙ ሌላ ሥራ ጋር አያይዞ አገሪቱ በ1966 ዓ.ም. ምን ላይ እንደነበረች ለማውራትም በር ይከፍታል።

ሲዲውን በጅማ ሱቆች መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው፤ የካሴትና የሲዲ ንግድ ከከተማው ገበያ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ሥራዎቹ በኢንተርኔት የሙዚቃ ማድመጫዎች ላይ ስላሉ ዋይፋይ ባለበት አውርዶ ማስቀመጥ ይመረጣል፤ መስመር ሲቆራረጥ ሙዚቃው መሐል ላይ ከቆመ የልጁ ልብ ወደ ሌላ ይሄዳል። ከዘፈን እየቆራረጡ በፍላሽ የሚሸጡ ስብስቦችን አልመክርም፤ የሥራዎቹ ስም ተዘባርቆ ስለሚገኝ፣ ልጁ «ያንን ድገሙልኝ» ሲል የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

በጾም ሰሞን ሳክስፎንና ከበሮ በቤታቸው ማሰማት የማይፈልጉ ቤተሰቦች እንዳሉ አውቃለሁ። ለእነርሱ ከዚሁ ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ቁጥር 21 ይሻላቸዋል። የእማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎች ናቸው፤ ከፒያኖው በቀር ሌላ መሣሪያ የለም። እማሆይ እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን ያሳተሙት የመጀመሪያው ሸክላ ገቢ ለወላጅ አልባ ልጆች መርጃ የዋለ መሆኑንም ለልጆች ንገሯቸው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል፣ ምት ፈላጊ ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት ቁጥር 4ን፣ የሚያነብና የቤት ሥራ የሚሠራ ልጅ ላለበት ቤት ደግሞ ቁጥር 21ን እሰጣለሁ።