50 ሲደመር 1 ወይስ 55 በመቶ?

ጎንደር ፒያሳ፣ ማኪያቶ ላይ ክርክር ተነሳ፦ ለመገንጠል ስንት ድምፅ ይበቃል?

አንዱ ጓደኛዬ «50 ሲደመር 1» ባይ ነው፤ ማለትም ከግማሽ በላይ ከሆነ ይበቃል። ስኮትላንድ ከብሪታንያ ልገንጠል ወይስ ልቅር ብላ በ2014 እ.ኤ.አ. በዚሁ ነው ድምፅ የሰጠችው። የሁሉም ድምፅ እኩል ይመዝናል። ግን በጥቂት ድምፅ ብልጫ አገር ሁለት ሲሆን ለተሸናፊው እንዴት ይዋጥለት?

ሌላው ከሰርቢያ የተለየችውን የሞንቴኔግሮን መንገድ ይመርጣል። በ2006 እ.ኤ.አ. መስፈርቱ 55 በመቶ ነበር፤ የተገኘው 55.5። ለጥቂት! 54 ቢሆን ብዙኃኑ «እንውጣ» ብሎም መቅረቱ ነበር።

እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፣ ሁለቱም ወገን አስቀድሞ ከተስማማበት። የ1979ኙ (እ.ኤ.አ.) የስኮትላንድ ደንብ ግን አይረባም። ጉዳዩ የራስ ምክር ቤት እንጂ መገንጠል አልነበረም። ከጠቅላላው መራጭ 40 በመቶ «አዎ» ይበል ተባለ። ድምፅ ከሰጡት 51.6 በመቶው ደግፎ፣ ወደቀ። ቤቱ የተኛው ሁሉ ተቃዋሚ ሆኖ ተቆጠረ!