የሙር ስዋብ፦ ለባሕር ዳር ፍሳሽ የሚመጥን ናሙና መያዣ

በፍሳሽ ውስጥ የበሽታ ጀርም ለመከታተል እንደ ሙር ስዋብ ርካሽ መሣሪያ ማግኘት ይከብዳል። የቁስል ጎዝ ተጣጥፎ ወገቡ ላይ በናይለን ክር ይታሰራል፤ በኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድል ማሽን) በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ከጀርም ከጸዳ በኋላ ቦይ ውስጥ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይንጠለጠላል። መብራት አይፈልግም። እንግሊዝ አገር ብሬንዳን ሙር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የፓራታይፎይድን (ታይፎይድን የሚመስል በሽታ) ምንጭ ያሳደደው በዚሁ ዘዴ ነው።

ባሕር ዳር ላይ አብዛኛው ቤት ፍሳሹን በየጉድጓዱ ስለሚያጠራቅም ቦታ መምረጥ ወሳኝ ነው፤ የሆስፒታልና የተማሪዎች ማደሪያ መውጫ ይሻላል። የጣና ዓሣ አጥማጆች የመረብ ክር ጠንካራ ነው፤ ሆኖም የሲሚንቶው ጠርዝ ይበጥሰዋልና ጠርዙን የሚነካው ክር ላይ ቁራጭ የፕላስቲክ ቱቦ አልብሱት። ጎዙ ጠቁሮ፣ ፌስታልና ፀጉር ተጠምጥሞበት ይወጣል፤ ቆሻሻውን በመቆንጠጫ አንሱ እንጂ በውሃ አትለቅልቁት፤ የተያዘው ጀርም አብሮ ይታጠባል። ከዚያ በበረዶ፣ 4 ዲግሪ አካባቢ፣ ወደ ላብራቶሪ።

ትልቁ ጉድለቱ ስንት ሊትር እንዳለፈበት አለመታወቁ ነው። ኮሌራ ወይም ፖሊዮ መኖሩን ይጠቁማል፤ መጠኑን ግን አይነግርም። በሐምሌ ጎርፍ ደግሞ ናሙናው ይቀጥናል፣ አንዳንዴም ክሩ ሳይቀር ይወሰዳል። የሆስፒታል ክሎሪን ካለበት ክሎሪኑን የሚያከሽፈውን ሶዲየም ታዮሰልፌት ናሙናው ላይ ጨምሩ።

ከ5 ኮከብ 4 ይገባዋል።