ካሪኩለም ማስተርስ በኦንላይን ልትመዘገቡ ያላችሁ መምህራን፣ ቆይ አንዴ!

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። በቴሌግራም «ቤትዎ ሆነው ማስተርስዎን ይያዙ» የሚሉትን ኮሌጆች ታውቋቸዋላችሁ። ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ቢሮ፣ ጋውን የለበሱ ተመራቂዎች ያሉበት ባነር፣ «ዛሬ ከተመዘገቡ ቅናሽ አለ» የምትል ልጅ። እኔ የገባሁት ካሪኩለም ኤንድ ኢንስትራክሽን (ሥርዓተ ትምህርትና ማስተማር) ነው። የጋት ፈተናስ፣ ያ የማስተርስ መግቢያ ፈተና፣ ስላቸው «ኦንላይን ላይ አይጠየቅም» አሉኝ። የእቁብ ብሬን በቴሌብር ላክሁላቸው።

ትምህርቱ ፒዲኤፍ ነው። የአንድም አስተማሪ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። የሥርዓተ ትምህርት ምሁሩ ታይለር ካነሳቸው አራት ጥያቄዎች የመጨረሻው ስለ ምዘና ነው፤ ተማሪው ግቡ ላይ መድረሱን በምን እናውቃለን የሚለው። እሱን ተንትኜ ላክሁ፣ 95 ሰጡኝ። በስህተት ባዶ ፋይል የላከች የክፍል ጓደኛዬም 95 አገኘች።

የወረዳችን የሰው ሀብት ክፍል «የፕሮግራሙን የዕውቅና ፈቃድ ኮፒ አምጪ» ሲለኝ ዛሬ ጠዋት ሬጅስትራር ሄድኩ። ልጅቷ ስልኳ ላይ እንዳቀረቀረች በእስክሪብቶ ግድግዳውን አሳየችኝ። በፍሬም የተሰቀለ ወረቀት ነው። ቀረብ ብዬ አነበብኩት። አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በመደበኛ።

«የኔስ የታለ?»

«ሂደት ላይ ነው።»

«ታዲያ እንዴት መዘገባችሁን?»

ይሄኔ ቀና አለች። «አስተማሪ አይደለሽ እንዴ? ማንበብ አትችይም? ይኸው ተሰቅሎልሻል እኮ!» ከኋላዋ የተቀመጠው ልጅ ሳቀ። ከብሩ ይልቅ እሱ ሳቅ ነው የሚያንገበግበኝ።

ብሬን መልሱልኝ አልኩ። ደረሰኝሽን አውጪ አለችኝ። አወጣሁ። በጥፍሯ አንዷን መስመር መታ መታ አደረገቻት፦ «የአጭር ጊዜ ሥልጠና ክፍያ»። ማስተርስ የሚል ቃል የትም የለበትም። «ሥልጠናውን ወስደሻል፤ ምኑ ይመለስልሽ?» አለችና ከኋላዬ የቆመውን ሰው ጠራች። ሊመዘገብ የመጣ ነው፣ ምስኪን። እዚያው ነገርኩት፤ ዘበኛ ጠሩብኝ።

ለማንኛውም፣ ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። የሚሰጠውም በፕሮግራም፣ በካምፓስ፣ ደግሞም መደበኛ ነው ርቀት ነው ኦንላይን ነው ተብሎ ተለይቶ ነው። «ኮሌጁ ፈቃድ አለው» ቢሏችሁ የእናንተ ፕሮግራም አለው ማለት አይደለም። ሳትከፍሉ ባለሥልጣኑን ጠይቁ። ጋት አያስፈልግም የሚላችሁ ካለ ደግሞ ጥላችሁት ውጡ፤ በግልም በመንግሥትም ማስተርስ ለመግባት ግዴታ ነው።

ከሰዓት ግሩፑ ላይ «ፈቃዱን ለጥፉልን» ብዬ ብጽፍ ወዲያው አስወጡኝ። ማስታወቂያቸው ግን አሁንም «ጥቂት ቦታ ቀርቷል» እያለ ነው።