ለሐረጎ ቁልቁለት የትኛው ይሻላል? አሮጌ ላንድክሩዘር ወይስ ላንድሮቨር

አሮጌ ፎር ባይ ፎር ገዝተው በግቢያቸው ማደስ የሚፈልጉ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ጥያቄው የበዛበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው አልወርድ ብሏል፤ ማደሱም የሚያዋጣ ሆኗል።

የማነጻጽረው ሁለት መኪና ነው። አንዱ 75 የሚባለው ላንድክሩዘር፣ ባለ ዋን ኤች ዜድ ናፍጣ ሞተሩ። ሌላው ላንድሮቨር ሲሪስ 3፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተመረተው። ሁለቱም ፊትና ኋላቸው ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ስፕሪንግ) ነው፤ ሁለቱም በመፍቻ ተፈትተው በመፍቻ ይገጠማሉ።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ይህን ሁሉ ከፍታ በሐረጎ በኩል፣ በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው የምንወርደው። ስለዚህ እኔ መኪና ሳይ መጀመሪያ ፍሬኑን፣ ቀጥሎ ሻንሲውን (መኪናውን ከሥር የተሸከመውን የብረት አጽም)፣ ሞተሩን በሦስተኛ ደረጃ ነው የማየው። ብዙ ገዢ ኮፈን አስከፍቶ የሞተር ድምፅ በመስማት ይጀምራል፤ ሞተር ግን ከሦስቱ ለመጠገን የሚቀለው ነው።

በፍሬን ላንድክሩዘር ይበልጣል፤ ይህን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። ፊቱ ዲስክ ነው፣ ኋላው ከበሮ። ላንድሮቨሩ አራቱም ጎማ ላይ ከበሮ ነው። ከበሮ በተደጋጋሚ ፍሬን ሲግል ይሰፋና ፍሬን ሲያዝ ከሚጫነው ሸራ ይርቃል፤ ፔዳሉ እየሰመጠ ይሄዳል፣ ሸራውም ግለቱ ሲበዛበት መያዙን ይቀንሳል። ላንድሮቨር የሚያድስ ሰው ቀለምና ወንበር ከማሰቡ በፊት ከበሮዎቹን ቶርኖ ቤት ወስዶ ያስተካክል፣ የፍሬን ሲሊንደሮቹን ጎሚኒ በሙሉ ይቀይር፣ ሸራውን አዲስ ያስለብስ። ከዚያም ቁልቁለት ሲወርድ በከባድ ማርሽ ይውረድ። ይህን ያላደረገ ሰው ቤተሰቡን ጭኖ ሐረጎን ባይወርድ እመርጣለሁ።

በሻንሲና በላሜራ ጉዳይ ነገሩ ይገለበጣል። የላንድሮቨር አካል አብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ እንደ ብረት አይዝግም፤ ፓራፋንጎውም በሩም በብሎን የተያዘ ነው፣ አንድ ሰው ብቻውን ይፈታዋል። የሚዝገው ከሥሩ ያለው የብረት ሻንሲና ሞተሩን ከጋቢናው የሚለየው ግድግዳ ነው። ሻንሲው ሣጥን ስለሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል፤ ከላይ አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ደህና መስሎ ይታያል። በትንሽ መዶሻ ከፊት እስከ ኋላ እየመቱ ይሂዱ። ደህናው ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተበላው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ አንዳንዴም መዶሻው ገብቶ ቅርፊት ይረግፋል። በተለይ የኋላ ባሌስትራ የሚታሰርበትን አካባቢ አይለፉት። አሉሚኒየሙ ብረት የሚነካበት መጋጠሚያም በእርጥበት ይበላል፤ ነጭ ዱቄት ካዩ እሱ ነው። አሉሚኒየም ደግሞ በሰፈራችን ተራ የኤሌክትሮድ ብየዳ አይበየድም፤ የተቀደደ ነገር ካለ ሙያው ያለውን ሰው መፈለግ ግድ ነው።

ላንድክሩዘሩ ሙሉ በሙሉ ብረት ነው። የጣሪያው አሸንዳ፣ የፊት መስታወቱ ዙሪያና ወለሉ ቀድመው ይዝጋሉ። እኔ የመጀመሪያውን 75 ስገዛ ቀለሙ የሚያበራ፣ ጎኑ እንደ መስታወት ለስላሳ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ከኋላ በር በታች ቀለሙ አበጠ። በጣቴ ብነካው ተሰነጠቀ፤ ስፈቀፍቀው ስቱኮው (ቀዳዳ መሙያ ልስኑ) እንደ ደረቅ እንጀራ ቁራሽ በቁራሽ እየተነሣ መጣ፣ ከሥሩ ላሜራ የሚባል ነገር አልነበረም። ሻጩ ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ሳልይዝ ላንድክሩዘር ለማየት ሄጄ አላውቅም፤ ስቱኮ የበዛበት ቦታ ላይ ማግኔቱ ይንሸራተታል። ይህ ዘዴ ለላንድሮቨር አካል አይሠራም፤ አሉሚኒየም ድሮም ማግኔት አይስብም።

ወደ ሞተር እንምጣ። ዋን ኤች ዜድ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ነው። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አንጻር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ዳገት ላይም ጥቁር ጭስ ይበዛበታል። ጭሱን አይቶ «ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ሞቷል» ብሎ ሞተር የሚያስወርድ ሰው አለ። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ይቀይሩ፣ የናፍጣ ፖምፓውንና ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል ያስፈትሹ። አንዳንዱ ፖምፓ ለከፍታ ቦታ ናፍጣ የሚቀንስ ክፍል አለው፤ እሱ ከተበላሸም ጭሱ ይኸው ነው። ቱርቦ ልጨምርበት ለሚል ሰው ምክሬ ይቅርብዎ ነው። ሞተሩ ለቱርቦ ታስቦ አልተሠራም፤ ግለቱ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) ይሰነጥቃል።

የዋን ኤች ዜድ ድክመት የጊዜ ቺንጊያው፣ ማለትም ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር በጊዜ የሚያስኬደው ቀበቶ ነው። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ዳሽቦርዱ ላይ ጊዜው ሲደርስ የሚበራ መብራት አለ፣ ግን በአሮጌ መኪና ላይ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። የሻጩ ቃል ምንም ይሁን፣ በገዙበት ሳምንት ቺንጊያውን ይቀይሩ። የላንድሮቨሩ አራት ሲሊንደር 2.25 ሊትር ሞተር በቺንጊያ ፋንታ በሰንሰለት ስለሚሠራ ይህ ስጋት የለበትም፤ ጉልበቱ ግን ትንሽ ነው፣ ጭነት ይዞ ወደ ደሴ ሲወጣ ትዕግሥት ይጠይቃል። የሌላ መኪና ሞተር የሚያስገቡበት አሉ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ የተጻፈ ስለሆነ ሕጋዊ ማስተካከያ የሌለው ቅያሬ ካለ አይግዙ።

የፊት ጎማ መጋጠሚያ ኳሱን ሁለቱም ላይ ይዩት። ላንድክሩዘር ላይ ውስጡ ግራሶ መሆን አለበት፤ ሲከፍቱት እንደ ቀጠነ ሽሮ የሚፈስ ጥቁር ነገር ካገኙ የውስጡ ፓራኦሊዮ (ዘይት ማገጃ ጎማ) አልቆ የዲፈረንሻል ዘይት ገብቷል ማለት ነው። በግቢ ውስጥ የሚያልቅ የቅዳሜና እሑድ ሥራ ነው፣ አያስፈራም፤ ዋጋ መቀነሻ ግን ይሆናል። ላንድሮቨሩ ላይ የኳሱ ክሮም ገጽ ከተቦረቦረ አዲስ ፓራኦሊዮ ቢያስገቡም ዘይቱ መፍሰሱ አይቀርም፤ ኳሱ ራሱ መቀየር አለበት።

መለዋወጫን በተመለከተ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። የላንድክሩዘሩ እዚሁ ይገኛል፣ ከጠፋም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አይታጣም። የላንድሮቨሩን እየፈለጉ፣ እያስቀረጹ፣ እየጠበቁ ነው። ኒሳን ፓትሮል ባለ 4.2 ናፍጣው የጊዜ ቺንጊያ የሌለው፣ በማርሽ የሚሠራ ጠንካራ ሞተር አለው፤ በደህና ይዞታ ካገኙ አይለፉት፣ እዚህ ግን ዕቃውን የሚያውቅ መካኒክ ጥቂት ነው። ከደርግ ዘመን የቀረው ዋዝ ቀላል ነው፤ ቤንዚን ይጠጣል፣ ፍሬኑም ከበሮ ነው፤ ለዕለት ሥራ አልመክርም።

ወረኢሉ፣ ደላንታ፣ ተንታ እየተመላለሱ የሚሠሩበት ከሆነ ውድ ቢሆንም ላንድክሩዘሩን ይግዙ። ሌላ መኪና ካለዎትና ቅዳሜዎን በመፍቻ ማሳለፍ የሚወዱ ከሆነ፣ ሻንሲው ጥርት ብሎ የጮኸ ላንድሮቨር ብዙ ዓመት ያስደስትዎታል፤ እኔም አሁን ግቢዬ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

የትኛውንም ቢመርጡ ብር ከመክፈልዎ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ፤ በሁለቱም ከፊት በቀኝ በኩል ሻንሲው ላይ ተቀርጿል። ቦታው ተሞርዶ ወይም ተበይዶ ካገኙት ይመለሱ። ከዚያ ሻጩን ይዘው ሐረጎን ይውረዱ። ከታች ሲደርሱ ይቁሙና መዳፍዎን ወደ አራቱም ቸርኬ ሳያስነኩ ያስጠጉ። የፊቶቹ ቢግሉ ያለ ነው። ከግራና ከቀኝ አንዱ ከጓደኛው በጣም ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም፤ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ እሱ ጎማ ሙሉውን መንገድ ፍሬን አልያዘም።