የመኪና መካከለኛ ምሰሶ፦ በግለት የተጨመቀ ቦሮን ብረት ወይስ በቅዝቃዜ የታጠፈ ዲፒ 980?

ፊት ለፊት ሲጋጩ ሞተር ክፍሉ ኃይሉን ይውጣል። ጎን ላይ ግን ከተሳፋሪው ጋር ያለው ርቀት የሰው ክንድ እንኳ አያህልም፤ ዋናው ተከላካይ በሁለቱ በሮች መካከል የቆመው ምሰሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የተጠናከረው የአሜሪካ የጎን ግጭት ፈተና 1900 ኪሎ ግራም ጋሪ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ያላትማል።

ዲፒ 980፣ ማለትም ለስላሳና ጠንካራ መዋቅር የተቀላቀለበት፣ ጥንካሬው 980 ሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ) ገደማ የሆነ ብረት፣ ምድጃ አይፈልግም፤ ምርቱ ፈጣንና ርካሽ ነው። ችግሩ ከፕሬስ ሲወጣ ቅርጹ በከፊል ወደ ኋላ መመለሱ ነው፤ የተቆረጠው ጠርዙም ሲለጠጥ ይሰነጠቃል።

ቦሮን ብረት፣ ማለትም ጥቂት ቦሮን የተጨመረበት ብረት፣ ወደ 900 ዲግሪ ግሎ በውሃ በሚቀዘቅዝ ፎርማ ውስጥ ይጨመቃል። በሰከንድ ከ30 ዲግሪ ባላነሰ ፍጥነት ከቀዘቀዘ ጥንካሬው 1500 ሜጋፓስካል ይደርሳል። ላሜራው ከፎርማው ጋር በደንብ ያልተገናኘበት ቦታ ግን ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ሲገጭም የሚታጠፈው እዚያ ነው። ያ ቦታ ደረት ትይዩ ከሆነ አደገኛ ነው።

ስለዚህ ምርጫችን ቦሮን ነው፣ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ጥንካሬ ያለው አይሁን። የፎርማውን የታችኛውን ክፍል 400 ዲግሪ ገደማ አግሎ ማቆየት የምሰሶውን እግር ያለሰልሰዋል፤ ምሰሶው ከዳሌ በታች ይታጠፋል፣ ደረትና ራስ አካባቢ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ለጋራዦች፦ የተጎዳ ቦሮን ምሰሶ በእሳት አይቃናም፤ ሙቀቱ ጥንካሬውን ያጠፋዋል። አምራቹ ባመለከተው መገጣጠሚያ ላይ ሙሉው ክፍል ይቀየር።