ሪፕግሬፕና ባልንጀሮቹ በአማርኛ ፋይሎች ላይ ሲፈተኑ

ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን የኮምፒውተር መስኮት፣ ተርሚናልን፣ የሚነካ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ በፋይሎች ውስጥ ጽሑፍ የሚፈልገው ግሬፕ የተባለው ትእዛዝ በኬን ቶምፕሰን ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1973 ከዩኒክስ 4ኛ እትም ጋር የወጣ ሲሆን፣ ዛሬም በአብዛኞቹ የሊነክስ ኮምፒውተሮች ላይ ማንም ሳይጭነው ተቀምጦ ይገኛል። ሪፕግሬፕ ደግሞ አንድሩ ጋላንት ራስት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፎ በ2016 ያወጣው ተተኪ ነው፤ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በሚባለው ጽሑፍ ማረሚያ ውስጥ የፋይል ፍለጋውን የሚሠራው እርሱ በመሆኑ፣ ስሙን ሰምተው የማያውቁ ብዙ ሰዎች ሳያውቁት ይጠቀሙበታል። እኔ በአንድ ፎልደር የፕሮግራም ኮድ፣ በሌላው የአማርኛ ጽሑፍ የማስቀምጥ ሰው ስለሆንሁ በሁለቱም ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ይህም ግምገማ ከዚያ የተገኘ ነው።

ፍጥነቱ ብዙ የተወራለት ስለሆነ አልደግመውም። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉትን ኮሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ማሠራቱ አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ ሌላው ግን ጥበብ የተሞላበት ስንፍና ነው፤ ጊትኢግኖር በሚባለው የሚታለፉ ፋይሎች ዝርዝር ውስጥ የተመዘገቡትን፣ ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ድብቅ ፋይሎችንና ጽሑፍ ያልሆኑትን ሁሉ ከመጀመሪያው ይዘላቸዋል። ግሬፕ ግን ፎልደሩን በሙሉ እንዲያስስ ሲታዘዝ ከውጭ የወረዱ ላይብረሪዎችን ሳይቀር አንድ በአንድ ይከፍታል።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ትልቁ ልዩነት ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው። እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል፣ ኮምፒውተር ጽሑፍን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል፤ ግሬፕም ይህን የሚያውቀው ሎኬል የሚባለው የኮምፒውተሩ የቋንቋ መቼት በትክክል ሲስተካከል ብቻ ነው። በላፕቶፕ ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የተስተካከለ ስለሆነ ችግሩ አይታይም፤ ፕሮግራሞችን ለየብቻ አሽጎ በሚያሠራው ዶከር ውስጥ በሚሠሩ ትንንሽ ሲስተሞች ግን መቼቱ ባዶ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። እንዲህ ባለ ሲስተም ላይ «ሰ.ም» ብሎ የፈለገ ሰው «ሰላም» የሚለውን ቃል አያገኝም፤ ነጥቧ «ማንኛውም አንድ ፊደል» ማለት ብትሆንም እዚያ የምትወክለው አንድ ባይት እንጂ አንድ ፊደል አይደለምና። ሪፕግሬፕ የሎኬልን መቼት ጨርሶ ስለማይጠይቅ ያንኑ ፍለጋ የትም ቢጽፉት «ሰላም»ን ያወጣል። እንደዚሁም «[ጸፀ][ሀሐኀሃሓኃ]ይ» ብሎ በመጻፍ (በቅንፉ ውስጥ ካሉት ፊደላት አንዱ ይበቃል ማለት ነው) ጸሐፊዎች እንደየልማዳቸው የሚጽፉትን «ፀሐይ» በየመልኩ በአንድ ጊዜ መሰብሰብ ይቻላል፤ ሞክሼ ፊደላትን ባልጠበቀ የአማርኛ ክምችት ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ብቻ እንኳ ፕሮግራሙን ለመጫን በቂ ምክንያት ነው። የግዕዝን ፊደላት በሙሉ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ በተሰጣቸው አንድ መለያ ጠርቶ በኮድ መካከል የቀሩ የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮችን ለቅሞ ማውጣትም ይቻላል።

ሙሉ ቃል ብቻ እንዲፈልግ የሚያዘው አማራጭ ግን በአማርኛ ብዙም አይረዳም። «ቤት» ሲሉት «የቤት»ንና «በቤት»ን ይተዋል፤ ይህ የቋንቋችን ጠባይ እንጂ የፕሮግራሙ ጥፋት አይደለም።

ነቀፌታዬ የሚያርፈው ቀደም ብዬ ባመሰገንሁት ስንፍና ላይ ነው። አንድ ቀን የዳታቤዙን አድራሻ የያዘውን መስመር ስፈልግ ምንም ውጤት ስላልመጣልኝ፣ አድራሻው ከኮዱ ተሰርዟል ብዬ ከአንድ ሰዓት በላይ ደክሜአለሁ። መስመሩ ያለው ስሙ በነጥብ በሚጀምር የቅንብር ፋይል ውስጥ ነበር። «ሰረዝ ዩ» የሚለው አማራጭ አንድ ጊዜ ሲጻፍ በጊትኢግኖር የተከለከሉትን፣ ሁለት ጊዜ ሲጻፍ ድብቆቹንም፣ ሦስት ጊዜ ሲጻፍ ሁሉንም እንደሚያስፈትሽ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ መመሪያውን ሳነብ ነው፤ መመሪያውን አስቀድሞ አለማንበቤ የራሴ ጥፋት ነው። ሆኖም «ይህን ያህል ፋይል ዘልያለሁ» የሚል አንድ መስመር ቢያሳይ ኖሮ ያ ሰዓት ባልባከነ ነበር።

ከባልንጀሮቹ መካከል በዴቪድ ፒተር የተጻፉት ኤፍዲና ባት ይጠቀሳሉ። ኤፍዲ ፋይሎችን በስማቸው የሚፈልገውን የፋይንድን ትእዛዝ ረጅም አጻጻፍ ያሳጥራል፤ የፋይሉን ስም ከፊሉን ብቻ መጻፍ ይበቃዋል፤ የድብቅ ፋይል ጠባዩ ግን ከሪፕግሬፕ ጋር አንድ ስለሆነ ያው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ባት የፋይልን ይዘት እንዳለ በሚያሳየው ትእዛዝ በካት ፋንታ ፋይልን በቀለምና በመስመር ቁጥር ያሳያል፤ ውጤቱ ወደ ሌላ ትእዛዝ ሲተላለፍ ግን ጌጡን ጥሎ እንደ ካት ይሆናል፤ ይህም በጣም ደስ የሚያሰኝ አስተዋይነት ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ የጫነ ሰው ትእዛዞቹን በተለመደው ስማቸው ጠርቶ ቢያጣቸው አይደንግጥ፤ አጫጭር ስሞቹ በሌሎች ፕሮግራሞች ቀድመው ስለተያዙ «ኤፍዲፋይንድ» እና «ባትካት» ተብለው ነው የሚገኙት። የግዕዝ ፊደላት በተርሚናሉ ላይ ተጣብበው ወይም ተቆራርጠው ቢታዩም ባትን ከመውቀስ በፊት የተርሚናሉን ፎንት መለወጥ ይሻላል።

ሁሉም በነጻ የሚገኙ ሲሆኑ መጠናቸው ጥቂት ሜጋባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ እንኳ ለማውረድ አያስቸግሩም። በራሴ ኮምፒውተር ላይ ስፈልግ የምጽፈው ሪፕግሬፕን ነው፤ በሌላ ሰው ሰርቨር ላይ የሚሠራ ስክሪፕት (በተርታ የሚፈጸሙ ትእዛዞች ፋይል) ስጽፍ ግን ሎኬሉን በመጀመሪያው መስመር ላይ አስተካክዬ አሁንም ግሬፕን እጠራለሁ፤ እርሱ እዚያ እንዳለ አውቃለሁና።