ዚፑን ፈትቶ ሳያይ ዋናውን ፋይል የማይነካ ባለሙያ

ምስጋናው ይቅደም። በ14 የቅርንጫፍ ኮምፒውተሮቻችን ላይ ተጨምቀው፣ ከዚያም ተዘበራርቀው የነበሩት የሂሳብ ፎልደሮች በሙሉ ስማቸውም ቦታቸውም ሳይዛነፍ ተመልሰዋል። የሠራው አንድ ወጣት ነው። ባሕር ዳር አልሄደ፣ ደሴ አልሄደ፣ የማንንም ስክሪን አልያዘ፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ በኮማንድ ላይን (ትእዛዝ በጽሑፍ እየሰጠ) ብቻ ጨረሰው። እጅህ ይባረክ ብለነዋል፤ አሁንም እንላለን።

ከእሱ በፊት ሁለት ቦታ ከፍለናል። ስማቸውን አንጠራም። የሠሩትን ግን እንናገራለን፤ ነገ ሌላ መሥሪያ ቤት ላይ የሚደርስ ነውና።

የመጀመሪያዎቹ «ዲስክ ሞላ» ስንላቸው ሰርቪሱን ሁሉ አስቁመው ሲ ድራይቩን ከነሥሩ በኮምፓክት ጨምቀውት ሄዱ። ኮምፓክት ራሱ ጥፋት የለበትም። ዊንዶውስ ውስጥ ያለ፣ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ አደረጃጀት ላይ የሚሠራ ትእዛዝ ነው፤ ለቆየ ሲኤስቪ (የሰንጠረዥ ጽሑፍ) እና ለሎግ (የሥራ መዝገብ) ፋይል ጥሩ ቦታ ያስለቅቃል። እኛ ጋ ግን ዲስኩን የሞላው ስካን የተደረገ ደረሰኝ ነበር፣ ፒዲኤፍና ጄፔግ። እነዚህ ሲፈጠሩም የተጨመቁ ናቸው፤ ደግማችሁ ብትጨምቋቸው ጠብ የሚል ነገር የለም። ይባስ ብሎ የኤስኪውኤል ሰርቨር (ዳታቤዙን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ዳታ ፋይሎችም አብረው ተጨመቁ። ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚጻፍበት ዳታቤዝ ተጨምቆ ካገኘው አይከፍትም፤ ስህተት 5118 ብሎ «ፋይሉ ይፈታ» ይላል። መልእክቱ ስክሪኑ ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ ብቻ ነበር። እነሱ ግን «ፎርማት ተደርጎ ዊንዶው ይጫን» አሉ። ለዚህም ከፈልን።

ሁለተኞቹ ባሱ። ሥራቸው የየወሩን ፎልደር በሰቨን ዚፕ (ፋይል የሚጨምቅ ፕሮግራም) ጨምቀው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ማምጣት ነበር። ሲጨምቁ «ሰረዝ ኤስዴል» የሚባል ምርጫ አስገቡበት፤ ጨምቆ ሲያበቃ ዋናውን ይሰርዛል ማለት ነው። ሰርቨሩ ላይ ሲፈቱ ደግሞ በ«ኤክስ» ፈንታ «ኢ» ጻፉ። የአንድ ፊደል ነገር ነው። «ኤክስ» ፋይሉን ከነፎልደሩ ያወጣል፤ «ኢ» ፎልደሩን ጥሎ ሁሉንም አንድ ቦታ ይዘረግፋል። የቅርንጫፍ ሰዎች በየወሩ ፎልደር ውስጥ ፋይሉን «ደመወዝ»፣ «ወጪ»፣ «ፔቲ ካሽ» እያሉ ነው የሚሰይሙት። 12 «ደመወዝ» አንድ ፎልደር ላይ ሲወርድ፣ «ሰረዝ ዋይ» ተጽፎ ለጥያቄው ሁሉ አስቀድሞ አዎ ተብሏልና፣ አንዱ አንዱን እየደፈጠጠ የመጨረሻው ብቻ ቀረ። ስንጠይቃቸው «ከመጀመሪያውም የነበረው ይኸው ነው» አሉን። ዓይን አውጣነት ነው።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ አለ። «ሥራው ማታ 2 ሰዓት ይጀምር» ብለን ነበር። እነሱ ሼጁል ታስኩ (ሥራን በሰዓቱ የሚያስጀምረው የዊንዶውስ መሣሪያ) ላይ 02:00 ብለው ሞሉት። ኮምፒውተሩ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የሚሄደው፤ የእኛ ማታ 2 ሰዓት ለእሱ 20:00 ነው። 02:00 ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት የአንዳንዱ ቅርንጫፍ ጥበቃ ቆጣሪውን አጥፍቶ ተኝቷል።

ወጣቱ ሲመጣ መጀመሪያ ምንም አልነካም። ጠየቀ ብቻ፦ «ዚፖቹ ቅርንጫፍ ላይ አሉ? ማንም እንዳይሰርዛቸው ይነገር። እያንዳንዱ ማሽን ላይ ስንት ጊጋ ባዶ ቦታ አለ?» ከዚያ በፓወርሼል ሪሞቲንግ (ሌላ ኮምፒውተርን ከርቀት በጽሑፍ ማዘዣ)፣ በፖርት (የኔትወርክ በር) 5985፣ ወደ አንዱ ቅርንጫፍ ገባና ሰቨን ዚፕን በ«ኤል» ጠራው። «ኤል» ምንም አይፈታም፤ ውስጡ ያለውን ከነመንገዱ ይዘረዝራል። መስከረም ስር «ደመወዝ»፣ ጥቅምት ስር «ደመወዝ»፣ ኅዳር ስር «ደመወዝ»… 12ቱም ተደርድረው ታዩ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ለሳምንታት «ጠፍቷል» የተባለው ሁሉ እዚያው ነበር። ይህን ሥራ ለምታውቁት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ሁለት ድርጅት ተከፍሎት ያላደረገው ነገር ነው።

ቀጥሎ በ«ቲ» ፈተናቸው። ሰርቨሩ ላይ ካሉት ቅጂዎች ሁለቱ ወደቁ፤ ሲላኩ መስመር ተቆርጦ ጫፋቸው የቀረ ነበሩ። ቅርንጫፍ ላይ ያሉት እነዚያው ዚፖች ግን ጤነኛ ነበሩ። የሁለቱንም ወገን ኤስኤችኤ 256 (የፋይሉ ይዘት አሻራ) አውጥቶ አስተያየና ያልገጠሙትን ብቻ እንደገና አስመጣ። ለተደገመው ሥራ ተጨማሪ አልጠየቀም።

አሠራሩን ለባለሙያዎች እንጻፈው፤ እሱም ይጻፍ ብሏል።

ረጅም ሥራ ሪሞት ሴሽኑ (ከርቀት የገባበት ግንኙነት) ላይ አያንጠለጥልም። መስመሩ ሲቆረጥ ሥራውም አብሮ እንዳይሞት ትእዛዙን ቅርንጫፉ ማሽን ላይ ሼጁል ታስክ አድርጎ ይተወዋል፤ ውጤቱን እዚያው ሎግ ፋይል ላይ ያስጽፋል፤ ጠዋት ገብቶ ያነባል። የሚያነበውም የመውጫ ቁጥሩን ነው። ሰቨን ዚፕ 0 ካለ ሰላም ነው። 1 ካለ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ኤክሴል ወይም ፒችትሪ (የሂሳብ ፕሮግራም) ከፍቶ ስለሄደ ዚፑ ውስጥ ያልገባ ፋይል አለ ማለት ነው። 2 ካለ ሥራው ከሽፏል። ሁለተኞቹ ይህን ቁጥር አንድም ቀን አላዩትም።

ከቅርንጫፍ ሆኖ ወደ ሰርቨሩ ሼር (በኔትወርክ የተጋራ ፎልደር) አይጽፍም። አንድ ማሽን ላይ በሪሞት ከገባችሁ በኋላ ከዚያ ወደ ሦስተኛ ማሽን ልሂድ ብትሉ «አክሰስ ዲናይድ» ይላችኋል፤ ማንነታችሁ አብሮ አይሻገርም። ሁለተኞቹ ይህ ሲያጋጥማቸው የሂሳቡን ሼር ለ«ኤቭሪዋን»፣ ማለትም ለሁሉም ሰው፣ ከፍተው ሄደዋል! እሱ መጀመሪያ ቅርንጫፉ ዲስክ ላይ ይጨምቃል፣ ከዚያ ከሰርቨሩ በኩል በሮቦኮፒ (የዊንዶውስ መቅጃ ትእዛዝ) ይስባል። ካቆመበት የሚያስቀጥለው «ስላሽ ዜድ» ካልታከለበት ግማሽ መንገድ ላይ የተቆረጠ ፋይል ከዜሮ ይጀምራል። የሙከራውን ብዛት የሚወስነውን «ስላሽ አር» ካልቀነሳችሁት ደግሞ አንድ ፋይል አልከፈት ባለ ቁጥር 1 ሚሊዮን ጊዜ፣ በየ30 ሴኮንዱ እየሞከረ ተገትሮ ያድራል። እሱ 3 ብሎ ነው የሚጽፈው። ትልቁን ዚፕ ደግሞ «ሰረዝ ቪ500ኤም» ብሎ 500 ሜጋባይት በ500 ሜጋባይት ይቆራርጠዋል፤ አንዱ ቢበላሽ አንዱ ብቻ ይላካል።

ኮምፕረስ አርካይቭ የሚባለውን የፓወርሼል ትእዛዝ ለዚህ ሥራ አይጠቀምም። ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይችልም፣ የተደበቀ ፋይልንም ዘሎ ያልፋል።

ቦታ ያስላል። 18 ጊጋ ፎልደር ያለበት፣ ባዶ ቦታው 6 ጊጋ ብቻ የሆነ ማሽን ነበር። ሁሉን በአንዴ ብትፈቱት ዲስኩ ሞልቶ መሃል ላይ ይቆማል። ወር በወር ፈታው፤ እያንዳንዱን ፈትቶ፣ አስተያይቶ፣ ከሰርቨሩ በኩል ስቦ፣ ቦታ አስለቅቆ፣ ከዚያ ነው የሚቀጥለው። ዋናውን መሰረዝ የመጨረሻው ትእዛዝ ነው፤ እሱንም ለብቻው በሌላ ቀን ያደርገዋል። «ሰረዝ ኤስዴል» የሚባል ነገር እሱ ዘንድ የለም። በኮምፓክት የተጨመቀውንም እንዲሁ። የኮምፓክት መፍቻ በሆነው «ስላሽ ዩ» ሲፈታ ፋይሉ ሙሉ መጠኑን ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሂሳቡን ዳታቤዝ ሁለት ፋይሎች ብቻ ቀድሞ ፈታ፣ ዳታቤዙ ያኔውኑ ተከፈተ። ፎርማት ሳይደረግ! የቀረውን «ስላሽ ኤስ» (ንዑስ ፎልደሮችንም ጨምር ማለት ነው) ከ«ስላሽ አይ» ጋር ሰጥቶ ፎልደር በፎልደር ሄደበት፤ «ስላሽ አይ» አንድ ፋይል እንቢ ቢል ሥራው እንዳይቆም ነው።

የአማርኛ ስሞች ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ጣጣ ናቸው። ሪሞት ላይ ስማቸው ጥያቄ ምልክት ወይም ሳጥን ሆኖ ሲታይ ብዙ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ስሙን መቀየር ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ፋይሉ ደህና ነው፣ ማሳየት ያቃተው ጥቁሩ መስኮት ነው። በእውነት የተዛባም ነበር፤ በዚፕ ቅርጽ ሲጨመቅ ስሙ ዩቲኤፍ 8 (አማርኛንም የሚይዝ የፊደል ኮድ) መሆኑ ያልተመዘገበለት። ሲፈታ «ሰረዝ ኤምሲፒ 65001» (ስሙን በዩቲኤፍ 8 አንብብ) ሲባል ፊደሉ ተመለሰ። አዲስ ሲጨምቅ ሰቨን ዜድ ቅርጽን ይመርጣል፤ የግድ ዚፕ ካስፈለገ «ኤምሲዩ ኦን» (ስሙን በዩቲኤፍ 8 ጻፍ) ይጨምርበታል። ስክሪፕት ውስጥ የአማርኛ ፎልደር ስም የምትጽፉም ፋይሉን ዩቲኤፍ 8 ከነቦሙ (ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ከሚቀመጠው የኮድ ምልክት ጋር) ሴቭ አድርጉት፤ ያለዚያ ፓወርሼል 5.1 አማርኛውን አያነበውም።

ከሁሉ የማይረሳው ግን የደሴዋ ነው። እዚያ ያለው ላፕቶፕ ክዳኑ ሲዘጋ ይተኛል፤ ከተኛ ሥራው ይቆማል። የሂሳብ ሠራተኛዋ ጡረታ የደረሱ ሴት ናቸው፤ በፊት የመጡት ባለሙያዎች ስልክ ላይ ጮኸውባቸው ያውቃሉ። እሱ ደውሎ «እትዬ፣ እርስዎ ያበላሹት ምንም የለም። ዛሬ ማታ ቻርጀሩን ሰክተው ክዳኑን ክፍት ይተዉልኝ፣ ሌላውን እኔ አየዋለሁ» አላቸው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ሎጉን አንብቦ ሲጨርስ፣ እንደገና ደወለላቸው። የየወሩን ፎልደር አንድ በአንድ አብሯቸው አስከፈተና «መስከረም አለ? ጥቅምት አለ?» እያለ እስከ ነሐሴ ወረደ። ጳጉሜንንም አልረሳት። ሴትየዋ ሲመርቁት ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር፤ ቢሮው በሙሉ አሜን አለ።

ቅርንጫፍ ያላችሁ፣ ኮምፒውተራችሁ የሞላ፣ ሰው ጨምቆባችሁ መፍታት ያቃታችሁ፣ ወደ እሱ ሂዱ። «ፎርማት ይደረግ» ከመባላችሁ በፊት ሂዱ። ስልኩ በአደባባይ እንዲለጠፍ አልፈለገም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እናገናኛችኋለን። ስትደውሉለት እያንዳንዱ ማሽን ላይ ስንት ጊጋ ባዶ ቦታ እንዳለ አይታችሁ ያዙ፤ የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ ነው። እስከዚያው ምንም አትሰርዙ።